ከሰሌዳው ወዲያ ያለው ሳቅ

ዊሎ ክሪክ፣ ኖርዝ ካሮላይና
ሴፕቴምበር 22 ቀን 2002

ለተከበሩ አክስቴ ለሚስ ኤና ስዌቢ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝዎት። ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ዝናቡንም ለቤተል ሂል በልኩ ያድርግላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ድካም እንጂ ሕመም የለብኝም።

እናቴ ካረፈች በኋላ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም ብዬ ነበር። እርስዎ ለእሷ የአጎቷ ልጅ ነዎት፤ ለእኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ ለዚህ ሥራም «ትችላለች» ብለው የፈረሙልኝ ሰው ነዎት። የመጣሁበትን ነገር ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ትምህርት ቤቱ ከትንባሆና ከስኳር ድንች እርሻ መሃል የቆመ ረጅም የጡብ ቤት ነው። የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ማንም ብድግ አላለም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እነሱ ያወራሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። በመጨረሻ «መምህር ሲገባ ይቆማል» አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቴሬል የሚባል ቀጭን ባለመነጽር ልጅ ዙሪያውን ቃኘና «ሚስ፣ እሳት ተነሳ እንዴ?» አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው። ልጆቹ አውካኩ።

እኔ አልሳቅኩም። እርስዎ እንደሚያደርጉት አገጬን ሰብስቤ፣ ዝም ብዬ፣ ሳቁ እስኪሞት አየኋቸው። ከዚያ ሕጉን ነገርኳቸው። ሳይፈቀድ መናገር የለም፤ ከቦታ መነሳት የለም፤ ያጠፋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ኬንዳል የምትባል ምላሰኛ ልጅ «ለምን?» ብትለኝ እዚያው ግድግዳ አዞርኳት። ከዚያ ወዲህ ማንም ለምን ብሎኝ አያውቅም። አሁን ክፍሌ ውስጥ ዝንብ ብትበር ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ብሪግስ በኮሪደሩ ሲያልፍ አጮልቆ ያይና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ጥያቄ ስጠይቅ አንድም እጅ አይነሳም። ጊዜ ይፈልግ ይሆናል።

የትምህርት ቤቱን ወሬ ይጻፉልኝ። ስድስተኛ ክፍል ዘንድሮ እንዴት ናቸው?

አክባሪ ልጅዎ
ዴልሮዝ ፒኖክ


ቤተል ሂል፣ ሴንት ኤልዛቤት፣ ጃማይካ
ኦክቶበር 20 ቀን 2002

ለልጄ ለዴልሮዝ፣

በሰው አገር በሄድሽበት ሁሉ አምላክ ከፊትሽ ይሂድልሽ። እናትሽ ብትኖር ደብዳቤሽን ይዛ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። እኔ አነበብኩትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጥሩ ጀምረሻል። መጀመሪያ ጸጥታ ይያዝ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እጅ አይነሳም ላልሽው፣ አይዞሽ፣ ልጅ እጁን የሚያነሳው ሲያውቅ ነው። አጥብቀሽ አስተምሪያቸው፤ ያኔ ያነሳሉ።

እዚህ ግን ፈተና ገብቶብናል። አምስተኛ ክፍልን የያዘው አዲሱ መምህር፣ ሚስተር ኤባንክስ፣ ከኮሌጅ ገና መውጣቱ ነው። አዳራሹን ታውቂዋለሽ፤ በእኔና በእሱ መሃል ያለው ያ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው። ከሰሌዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሳቅ ነው። ልጆቹን መሬት ላይ ያስቀምጣቸዋል። ገበያ እንደወጣ ሰው ይከራከራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ሚስተር ኤባንክስ፣ ተሳስተዋል» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ምን ብሎ የመለሰለት ይመስልሻል? «እስቲ ና አሳየኝ።» የኔ ልጆች እርሳሳቸውን አቁመው ወደዚያ ጆሯቸውን ጣሉ። ሰሌዳውን በማስመሪያ ደበደብኩት። ለደቂቃ ዝም አሉና እንደገና ጀመሩ።

የሙከራ ጊዜው ዲሴምበር ላይ ያልቃል። የቦርዱ ሰብሳቢ ፓስተር ጌይል ይቆይ ወይስ ይሂድ ብሎ እኔን ነው የሚጠይቀው። ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ።

ከተመቸሽ የጉሮሮ ከረሜላ ላኪልኝ፤ ማር ያለበት ቢሆን ይሻላል። ዘንድሮ አቧራው በዝቷል። ስልክ ግን አትድከሚ፤ መስመሩ ተበላሽቷል፤ ሰው አይሰማም።

አክስትሽ
ኤና ስዌቢ


ዊሎ ክሪክ
ኖቬምበር 24 ቀን 2002

ውድ አክስቴ፣

በያሉበት ሰላምዎ ይብዛ። ከረሜላውን ልኬያለሁ፤ የማሩንም የዝንጅብሉንም። አይደወል ቢሉኝም አላስችል ብሎኝ ሁለቴ ሞክሬ ነበር። ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

ዛሬ የምጽፍልዎት ደስ የሚል ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን ትልቅ ፈተና ስሰበስብ ከግማሽ በላይ ወረቀት ባዶውን መጣ። የተሳሳተ ቢሆን ባልገረመኝ። ምንም አልጻፉም። ከሚሳሳቱ ባይጽፉ መርጠዋል። ቴሬልን ደግሞ ከጎረቤቱ ሲገለብጥ ያዝኩትና ግድግዳ አዞርኩት። በማግስቱም ደገመ፤ እኔም ደገምኩት። አንድ ቀን እንኳ አልተከራከረኝም።

ባለፈው ሐሙስ እናቱ መጣች። በቀጥታ ከምትሠራበት የዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው የመጣችው፤ የፀጉር መረቧን እንኳ አላወለቀችም። ጮኻ የምታዋርደኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቁጭ አለችና በቀስታ ነገረችኝ። የልጁ መነጽር ከተሰበረ ሳምንታት አልፈዋል። አዲሱ እስኪመጣ ሰሌዳው አይታየውም። ከጎረቤቱ ይገለብጥ የነበረው መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው።

«ለመምህርትህ ንገራት አልኩት» አለችኝ። «‹እማ፣ እሷ ክፍል ውስጥ አይወራም› አለኝ።»

እሷን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሱንም በማግስቱ። «ችግር የለም ሚስ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። አሁን የፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ ስደርስ ግን ትከሻው ይሰበሰባል።

የኬንዳል እናት ደግሞ ለሚስተር ብሪግስ የክስ ደብዳቤ ጽፋብኛለች። ጠርቶኝ «ትንሽ ላላ በይ፤ ልጆቹ ይውደዱሽ» አለኝ። ማርች ላይ መጥቶ ሳስተምር ያያል፤ ውሌ መታደሱ የሚወሰነውም ያኔ ነው። እንዴት እንደሚላላ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አላውቀውም።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል? ምን ያደርጉ ነበር?

የእርስዎው
ዴልሮዝ


ቤተል ሂል
ጃንዋሪ 12 ቀን 2003

ለዴልሮዝ፣

አዲሱን ዓመት በቸር ያስጨርስሽ። መልሴ ዘገየብሽ። ገና ነበር፤ እንግዳም ሥራም በዛ። ከረሜላው ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

ስለ ልጁ መነጽር አዝኛለሁ። ልጅ ይፈራል። እኛም ፈርተን ነው ያደግነው፣ አልሞትንም። ይህን ስጽፍልሽ ግን እንደ ድሮው ልቤ ሞልቶ አይደለም።

ሚስተር ኤባንክስ ለጊዜው አለ። ፓስተር ጌይል ሲጠይቀኝ እስከ ፋሲካ ይቆይ አልኩት። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ።

ከረሜላውን ከእንግዲህ አትላኪ። ይልቅ የእጅ ደወል ብታገኚልኝ፣ ትንሽ ሆኖ ድምፁ የሚያስተጋባ። ማንደቪል ከተማ ድረስ አስፈልጌ ታጣ።

ስልክ አትሞክሪ።

ኤና


ዊሎ ክሪክ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2003

ውድ አክስቴ፣

ጤናዎን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ የምጠይቀውም እንዲሁ ለወጉ ያህል አይደለም። ደወሉን ልኬያለሁ። ከናስ የተሠራ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሚስተር ብሪግስ ላላ በይ አለኝ፤ ላላሁ። ከገና ዕረፍት ስንመለስ ሕጎቹን ሁሉ ተውኳቸው። የፈለጋችሁበት ተቀመጡ፣ ያሻችሁን አውሩ አልኳቸው። መጀመሪያ ወደዱኝ። «ሚስ ዲ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ መናኸሪያ ሆነ። ወንበር ይጎተታል፤ ድንች ጥብስ ይበላል፤ አንዱ ሌላውን በላስቲክ ይመታል። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የምጽፈው ግን ለራሴ ነው። አሁንማ መጻፉንም ትቼዋለሁ። ወረቀት አድልና ጠረጴዛዬ ጋ እቀመጣለሁ፤ የሠራ ይሥራ፣ ያልሠራም ይተው።

ባለፈው ረቡዕ ሲወጡ ኬንዳል ወደ ኋላ ቀረች።

«ሚስ፣ አንድ ነገር ልናገር? ግድግዳ አያዞሩኝም?»

አላዞርሽም አልኳት።

«በፊት ይጠሉን ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ የሉም። የቱ እንደሚሻል እንጃ።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ደክሞኛል አክስቴ። ቤት ገብቼ ስተኛ የሚለቅ ድካም አይደለም። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ገባሁና ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ መሄዱ ነው የከበደኝ።

ሌላም አለ። እርስዎ አልነሳ ሲሉኝ የሚስ ፐርል ሱቅ ደወልኩ። «ኤና እኮ ከኖቬምበር ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትዘምርም፤ ዳቦ የምትገዛኝ ወረቀት ላይ ጽፋ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ከረሜላ አሉኝ፤ ቀጥሎ ደወል። እኔ ስለ ራሴ ብቻ ስጽፍ አላስተዋልኩም። ድምፅዎ ጠፍቶ ኖሯል። ለምን አልነገሩኝም?

ዴልሮዝ


ቤተል ሂል
ማርች 9 ቀን 2003

ለልጄ ለዴልሮዝ፣

ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ፤ ድካምሽንም ያቅልልሽ።

ፐርል ወሬ ሳታወራ ሱቋን አትዘጋም። የነገረችሽ ግን እውነት ነው። ድምፄ በኦክቶበር ጎረነነ፤ በኖቬምበር ጨርሶ ጠፋ። ማንደቪል ያለው ሐኪም ጉሮሮዬ ውስጥ እብጠት አይቷል። ከፋሲካ በኋላ ኪንግስተን ሄጄ ይወጣል። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣኝ ከልክሎኛል። ሰው አገር ሆና ምን ታደርጋለች ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ደግሞም ድምፅ የሌላት ኤና ስዌቢ ምን እንደምትመስል እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ያላወቅኩትን እንዴት ልጻፍልሽ?

ቤት ተቀመጪ አሉኝ። ስድስተኛ ክፍል ዘንድሮ ተፈታኞች ናቸው፤ ለማን ልተዋቸው? ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ በማስመሪያ ጠረጴዛ እየመታሁ ቀጠልኩ። ጠዋት ጠዋት የቃል ጽሕፈት የሚያነብልኝ ሚስተር ኤባንክስ ነበር። እስከ ፋሲካ ይቆይ ያልኩትም ለዚሁ ነው እንጂ ወድጄው አልነበረም።

ልጆቹ ጥቂት ቀን ጸጥ አሉ። ከዚያ ነቁብኝ። መጮህ እንደማልችል ገባቸው። ዴልሮዝ፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ ወንበር ላይ ሲወጡ አየሁ። አንዱ እኔን አስመስሎ አፉን ያለ ድምፅ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። ወላጆቻቸውንም ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የላክሽው ደወል የደረሰ ቀን ብደውለው «አይስክሬም መጣ» ብለው ሳቁ።

ያን ቀን ሚስተር ኤባንክስ ሳያስፈቅደኝ በመሃላችን ያለውን ሰሌዳ ገፍቶ ጥግ አስያዘው። አምስተኛና ስድስተኛ አንድ ክፍል ሆኑ። ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሚስ ስዌቢ፣ ትንሽ ይረፉ» አለኝ። ብችል ኖሮ እጮህበት ነበር። ከኋላ ሄጄ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ልጆቹን የሚለቃቸው መስሎኝ ነበር። አይለቃቸውም። አፉን ሲከፍት ሲዘጋ የነበረውን ልጅ ጠርቶ አልጮኸበትም። ትምህርቱን አቆመና «ሚስ ስዌቢ መናገር የማይችሉት ታመው ነው። አንተ ግን መናገር ትችላለህ። የምትላቸውን በላቸውና እንቀጥላለን» አለው። ከዚያ ሁሉም ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ልጁ መጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ድረስ ኤባንክስ ጠመኔውን አላነሳም። እኔ ብሆን በማስመሪያ እጨርሰው ነበር፤ ልጁም በማግስቱ ይደግመዋል።

በር አጠገብ ያስቀመጥኩት ሊቫይ የሚባል ልጅ አለ። ደነዝ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ኤባንክስ ስለ ክፍልፋይ ሲጠይቅ እጁን አነሳ። የአባቱን የቦዬ ማሳ ሰሌዳ ላይ ስሎ፣ ሲሶውን ጎርፍ ወሰደው፣ ከቀረው ግማሹን ሸጥነው እያለ ያስረዳ ጀመር። መጨረሻው ላይ ተሳሳተ። ጓደኛው ነገረው። ሊቫይ ራሱን መታ አድርጎ ሳቀ፤ አጠፋውና እንደገና ሠራው።

እኔ ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የሳቀ ልጅ አላስታውስም።

ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቻለሁ እያልኩሽ አይደለም። የኔ ልጆች ነርስ ሆነዋል፤ ፖሊስ ሆነዋል፤ አንቺም ሆነሻል። ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልወርድ አለኝ። ምቀኝነት ነው፤ ስሙን አውቀዋለሁ። በማግስቱ ለፓስተር ጌይል ጻፍኩለት፤ ኤባንክስ በቋሚነት ይቆይ ብዬ።

ያቺ ኬንዳል ያለችሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔን ማንም ልጅ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም፤ ማን ይደፍራል? አንቺን ግን መጥታ ነገረችሽ። እሱን ያዢው።

ምንም አትላኪ። ጸልዪልኝ።

አክስትሽ ኤና


ዊሎ ክሪክ
ኤፕሪል 27 ቀን 2003

ውድ አክስቴ፣

የፈጣሪ እጅ ከሐኪሞቹ እጅ በላይ ይሁንልዎት። ቀዶ ሕክምናው ይለፍ አይለፍ ሳላውቅ ነው የምጽፈው፤ ኪንግስተን ከሆኑ ሚስ ፐርል ታድርስልዎት።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት፣ ሰኞ ክፍል ገብቼ ወረቀት አላደልኩም። ፊታቸው ቆሜ፣ ከገና በፊት ያደረግኩት አልሠራም፣ ከገና በኋላ ያደረግኩትም አልሠራም፤ እስከ ጁን አብረን ነን፤ እንድትማሩ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ አልኳቸው። ማንም አልመለሰም። ወጥመድ መስሏቸው ነው። እኔም አልገፋሁም፤ ጠበቅኩ። መጠበቅ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ እጁን ያነሳው ቴሬል ነው። «ወንበር የሚጎትቱት ይተዉልኝ። የሚሉት አይሰማኝም» አለ። ልጆቹን የለቀቅኳቸው ለእነሱ ብዬ መስሎኝ ነበር እኮ።

ቀጥላ ኬንዳል። «ስንሳሳት እንደዚያ አይዩን።»

«እንደምን?» አልኳት።

ተነሳች። አገጯን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤ ከመነጽር በላይ እንደሚያይ ሰው ዓይኗን ቀና አደረገች፤ ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። ልጆቹ ከወንበራቸው ሊወድቁ ሆነ። አክስቴ፣ እኔን ማስመሰሏ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን እርስዎን ነው። ጃማይካ የት እንደሆነች በቅጡ የማታውቅ ልጅ እርስዎን ቁልጭ አድርጋ አቆመችልኝ። ሳቄ መጣ። ከመጣሁ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቂት ሕግ አብረን አወጣን። ሰው ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። የተሳሳተ ሰሌዳ ጋ ሄዶ እንዴት እንዳሰበ ያሳያል፤ ሌሎቹ ያግዙታል። ሕጉ ሲጣስ ግን እኔ አላልፍም፤ እነሱም አያልፉም። አንዳንድ ቀን ይሠራል። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም ይፈርሳል፤ እኔም እጮሃለሁ፤ በማግስቱ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ባለፈው ፈተና አንድም ባዶ ወረቀት አልመጣም። የተሳሳተ መልስ ሞልቶታል። በተሳሳተ መልስ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሚስተር ብሪግስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ልጆቹ ቴሬል ሰሌዳ ላይ በሠራው ነገር እየተከራከሩ ነበር። ከኋላ ቆሞ ጥቂት ጻፈና ወጣ። በማግስቱ ጠርቶኝ ክፍሉ ከእጅሽ ወጥቷል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው እንፈልጋለን አለኝ። አልተከራከርኩም፤ ጉልበቱም አልነበረኝም። ለልጆቹ አልነገርኩም፤ ግን ከተማው ትንሽ ነው። የኬንዳል እናት፣ ያቺ የከሰሰችኝ፣ ቢሮው ድረስ ሄደች። «ልጄ እራት ላይ ስለ ሒሳብ ታወራለች። ይቺን ሴት ከማሰናበትህ በፊት ክፍሏ ገብተህ ቁጭ በል» አለችው አሉ። የቴሬል እናትም ከፋብሪካው ደወለችለት።

ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ተቀመጠ። ልጆቹ ስለ አንዱ ጥያቄ አስተያየቱን ጠየቁት፤ መለሰና ተሳሳተ። ቴሬል ጠመኔውን ዘረጋለት። «ችግር የለም፤ እንዴት እንዳሰቡ ያሳዩን» አለው። ሰውየው ክራቫቱን ይዞ እስከ ሰሌዳው ሄደ።

ለአንድ ዓመት ውል ሰጥቶኛል። እስከ ጁን መጨረሻ መፈረም አለብኝ። አልፈረምኩም። እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? አስታማሚ የለዎትም። ልምጣ? አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ዴልሮዝ


ቤተል ሂል
ጁን 15 ቀን 2003

ለልጄ ለዴልሮዝ፣

እስከዛሬ ያቆመን አምላክ ይመስገን፤ አንቺንም በቆምሽበት ያጽናሽ።

አትምጪ። ፈርሚ። ሌላውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

እብጠቱ ወጥቷል፤ ክፉው ዓይነት አይደለም ብለዋል። ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይመለስም። የተረፈልኝ ሹክሹክታ ነው፤ እሱም ቶሎ ይደክማል። ፐርል ሾርባ ታመጣልኛለች፤ ዋጋውንም በወሬ ትቀበለኛለች። ሴፕቴምበር ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ስድስተኛን ኤባንክስ ይይዛል። ሰሌዳውን ወደ ቦታው እንዲመልሰው አልነገርኩትም፤ እሱም አልመለሰው።

ስለ ፊቴ የጻፍሽውን አንብቤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ልጅቷ ልክ ናት።

ባለፈው ሰኞ ክፍል ተመለስኩ። ኤባንክስ ስም እኔ ልጥራልዎት ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ተማሪዎቼ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው እኔ እጠራቸዋለሁ። ፊታቸው ቆምኩ። እንደ ወትሮው ይንጫጫሉ። ማስመሪያዬን ቤት ትቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ፤ ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ ጠራሁ።

ፊት ያለችው ልጅ አየችኝ። ወደ ኋላ ዞራ ጸጥ እንዲሉ እጇን ዘረጋች። አጠገቧ ያለው ዝም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ማንም አላዘዛቸውም። ወንበር እንዳይንቋቋ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ተጠጉ፤ ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው አንገታቸውን ወደ እኔ አሰገጉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጸጥታ ያየሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን አላየሁም።

ስም መጥራቴን ቀጠልኩ። አንድ የማይረባ ነገር ሆነ። በሹክሹክታ ስለጠራኋቸው እነሱም በሹክሹክታ ይመልሱልኝ ጀመር። «አቤት ሚስ።» «አቤት ሚስ።» እርስ በርስ ምስጢር እንደምንነጋገር ሁሉ። ኤባንክስ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ የኔ ሳቅ ደግሞ አሁን ድምፅ የለውም።

ሊቫይ ላይ ስደርስ እሱ ያው በር አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ ሩቅ ነው። ስሙን ጠራሁት። አቤት ያለውን አልሰማሁም። ከንፈሩን አይቼ አለ ብዬ መዘገብኩት።

አክስትሽ
ኤና